አንድ ድስት፣ አንድ ሆፕስ

ጎረቤቴ ለቢራ መጥመቂያ የሆፕስ አበባ ሲመርጡ መልኩ አያታልላቸውም። አበባው ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ጥድ ፍሬ የተደራረበ ነው። ሦስት አራቱን ከከረጢቱ ያወጡና እስኪሞቅ ድረስ በመዳፋቸው መሐል ያሹታል። አንድ ቀን እንዳሸት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ከቅጠሎቹ ሥር የወጣው ሉፑሊን የሚባለው ቢጫ ዱቄት ጣታቸው ላይ ተጣብቋል፤ መጀመሪያ ማር ማር፣ ቆይቶ የብርቱካን ልጣጭ ሸተተኝ። ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ ነበር። በዚሁ በምንኖርበት በእንግሊዟ ኬንት ምድር ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲለማ የኖረ ዘር ነው። ከሌላው ከረጢት ያወጡት ፈግል ደግሞ ጠረኑ ዝናብ ያረሰረሰው ጫካ ነው፤ አፈር፣ እንጨት፣ ትንሽ ናና። ቡናማ መልክ የያዘውን ወይም አይብ አይብ የሚለውን ግን ሳያመነቱ ይጥሉታል። አርጅቷልና።

ጎረቤቴ የሚጠምቁት የእንግሊዝ ቢራ፣ ኤል፣ የሚጠጣው በረዶ አድርጎ ሳይሆን ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጋዙም ለስላሳ ነው። ስለዚህ የጠማቂው ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። እኔ የጎረቤቴን እጅ የማደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስገቡትን ያህል የሚተዉትንም ያውቃሉ።

ለ20 ሊትር 3.5 ኪሎ ማሪስ ኦተር ይበቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ ተዳቅሎ የወጣ የብቅል ገብስ ነው። ክሪስታል ከሚባለው ቀላ ያለ ብቅል የሚጨምሩት 150 ግራም ብቻ ነው። ብዙዎች ግማሽ ኪሎ ይጨምራሉ፤ በእኔ ምላስ ያ ቢራ የተቃጠለ ስኳር እንጂ ሆፕስ አይቀመስበትም። የተፈጨው ብቅል በ67 ዲግሪ ውሃ አንድ ሰዓት ይነከራል፣ ይጠለላል፣ ጣፋጩ ውሃ እሳት ላይ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሰዓት ጉዳይ ነው። የሆፕስ ምሬት ውሃው ውስጥ የሚገባው ረጅም ሲፈላ ነው፤ መዓዛው ግን በዚያው ፍላት ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ 40 ግራም ጎልዲንግስ ፍላቱ እንደጀመረ ይገባል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈላና ለምሬቱ ይሠዋል። 20 ግራም ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይጨመራል። እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ የመጨረሻው 20 ግራም ይገባና ቤቱ በመዓዛ ይሞላል። ጎረቤቴ ከመመዘናቸው በፊት ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን፣ የምሬቱ ምንጭ የሆነውን የአልፋ አሲድ መጠን ያነባሉ፤ ጎልዲንግስ 5 በመቶ አካባቢ ነው። 12 በመቶ የሚደርሰውን የአሜሪካኖቹን ሲትራ በዚያው ሚዛን የከተተ ሰው ምሬቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል።

እናቴ ለጠላ ጌሾ ስትሰፍር አይቻለሁ። ጌሾና ሆፕስ በዘር አይዛመዱም፤ አንዱ ቁጥቋጦ ነው፣ ሌላው ተጠማዝዞ የሚወጣ ሐረግ። ግን ሁለቱም የብቅሉን ጣፋጭነት የሚገሩ መራራዎች ናቸው፣ ሁለቱም ሲበዙ ይጎመዝዛሉ። እናቴ ሚዛን አልነበራትም፤ እፍኟ ግን አይሳሳትም ነበር። ጎረቤቴ ሚዛን እያላቸውም መጨረሻ ላይ የሚያምኑት አፍንጫቸውን ነው።

እርሾው በ19 ዲግሪ አንድ ሳምንት ይሠራል። 4 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው የመዳብ መልክ ያለው ቢራ ይወጣል፦ ፊቱ ላይ ብስኩት የመሰለ የብቅል ጣዕም፣ መሐሉ ላይ ማር፣ ከዋጡት በኋላ ምላስን የሚያደርቅ ንጹሕ ምሬት።

መጥመቅ የምትጀምሩ ሁሉ አራት ዓይነት ሆፕስ በአንድ ድስት አትደባልቁ። መስከረም ላይ አዲሱ ምርት ሲለቀም ጎልዲንግስን ብቻውን ጥመቁ። ቀጥሎ ብቅሉንም እርሾውንም ሳትቀይሩ ፈግልን ብቻውን ጥመቁና ሁለቱን ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቅመሱ።