የሰው ወርቅ ስለ መልበስ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት በአገራችን የማያውቅ የለም። ተረቱ የሚመክረን ከጎረቤት በተዋስነው ጌጥ እንዳንኩራራ ነው። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤቶቻችን፣ በመሥሪያ ቤቶቻችንና በመድረኮቻችን የሌላውን ሕዝብ ልብስ ለብሶ መታየት የተለመደ፣ እንዲያውም የሚያስመሰግን ነገር ሆኖ ቆይቷል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ኅዳር 29 ቀን፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ ሲከበር፣ የጎጃሙ ልጅ የሐመርን፣ የአዲስ አበባው ልጅ ደግሞ የጎጃምን ልብስ ለብሶ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ታዲያ የተሳሳተው ተረቱ ነው ወይስ እኛ ነን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከሩቅ ከመጀመር ይልቅ በዓይናችን ካየነው ብንነሣ ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቀድሞ ውጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በዚሁ በዓል ተገኝተን ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ ቆዳ በመሰለ ጨርቅ የተሰፋ የሐመር ልብስ ለብሳ፣ በአንገትዋም ላይ ከካርቶን የተቆረጠ ጉጥ ያለው ቀለበት አድርጋ ወጣች፤ ተጨበጨበላት። ከስዋ ቀጥሎ አንድ ልጅ የዶርዜን ባለ ደማቅ ቀለም ሱሪ ለብሶ ጨፈረ፤ ለሱም ተጨበጨበ። በመጨረሻ የወጣው ግን የዚያችኑ አገር ገበሬ ልብስ የለበሰ ተማሪ ነበር። አረንጓዴ ቁምጣ ታጥቆ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሟል። ገና ብቅ ከማለቱ ሜዳው በሣቅ ተሞላ። ልጁም ሣቁን ባየ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ እየተደናበረ፣ ከሹም ፊት ቀርቦ መናገር ያቃተውን ባላገር ያስመስል ጀመር። ሣቁም በረታ።

ዕለቱ የገበያ ቀን ስለ ነበረ፣ እኛ በቆምንበት አጥር በወዲያኛው በኩል የሚመለከቱ ባላገሮች ነበሩ። የለበሱትም ልጁ የለበሰውኑ ነበር። ከነሱ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ሰው ወደኛ ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ የተሣቀው በልጁ ነው በኛ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም አፍረን ዝም አልን።

ይህን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያውስ እያንዳንዱ የራሱን ይልበስ፤ የሌላውን ይተው» ብሎ ሊፈርድ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ፍርድ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ፣ የተሣቀበት ልብስ የሩቅ አገር ልብስ ሳይሆን የልጁ አያት ልብስ ነበረ። ሁለተኛ፣ የራስና የሌላ የምንለው ነገር እንደምናስበው በአጥር የተለየ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ባለ ጥበብ ቀሚስ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ መሠረታቸው ከጋሞ ደጋ ነው። የጎንደሯም የሸዋዋም ሙሽራ «የኔ ባህል» ብላ የምትለብሰው ቀሚስ የጋሞ ሰው መወርወሪያ ያለፈበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የጎጃም ባህል የምንለውም የካኪ ቁምጣ ቢሆን ጨርቁ የፋብሪካ፣ ስፌቱም የመኪና ነው። ቡሬን ያየ ሰው ደግሞ ይህን ለማመን አይቸገርም። ከዚያ የሚነሣው መንገድ ዐባይን ተሻግሮ ነቀምቴ የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ የወዲህና የወዲያ ማዶ ሰው የሚገናኝባት ከተማ ናት። ሰው በተገናኘበት ሁሉ ደግሞ ከእህሉና ከቋንቋው ጋር ልብሱም መለዋወጡ አይቀርም።

የመድረካችንም ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የየአገሩን ዘፈንና ጭፈራ ከነልብሱ ለከተማው ሰው አሳይተዋል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ከመድረክ የተማርነው አንድ ጉድለትም አለ፤ ይኸውም አንዱን ሕዝብ በአንድ ልብስና በአንድ ጭፈራ ብቻ ማወቅ ነው። የጎጃም ሰው ሲባል ቁምጣና ዱላ፣ የሐመር ሰው ሲባል ዶቃና ቆዳ ብቻ የሚታየን ከሆነ፣ ልብሱን አወቅነው እንጂ ሰውዬውን አላወቅነውም።

ልብስ እንደ ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። በኛ ዘንድ ነጠላ የለበሰ ሰው ሳይናገር ብዙ ይናገራል። ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ከሆነ ኀዘን ላይ መሆኑን ይገልጻል፤ በደረቱ ላይ ካመሳቀለው ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ነው፤ በታላቅ ሰው ፊት ሲያደገድግ ደግሞ አክብሮቱን ያሳያል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ሠርግ ቤት ቢገባ፣ ባለማወቁ ሰዎቹን አስደነገጠ እንጂ አልደመቀም። እኛም በሌላው ልብስ የምንሠራው ስሕተት ከዚህ አያንስም። በሐመር ዘንድ በሴት አንገት ላይ የሚጠለቀው የብረት ቀለበት ያገባች መሆንዋን የሚያመለክት ሲሆን፣ ጉጥ ያለው ደግሞ የመጀመሪያይቱን ሚስት የሚለይ ምልክት ነው። እንግዲህ በፍኖተ ሰላሙ ሜዳ ላይ ያቺ ያላገባች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ባለማወቅ «እኔ የመጀመሪያ ሚስት ነኝ» እያለች ዞራለች ማለት ነው። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም፤ ቀለበቱን ከካርቶን ሲቆርጡ ትርጉሙን ያልጠየቁት የታላላቆችዋ ነው።

በዚህ ረገድ የውጭው ዓለም በኛ ስም የሠራውን አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1910 ጥቂት እንግሊዛውያን ወጣቶች ፊታቸውን አጥቁረው፣ የውሸት ጢም ለጥፈው፣ ከቴአትር ልብስ አከራይ ያገኙትን ካባና ጥምጥም ለብሰው፣ «የሐበሻ መሳፍንት ነን» በማለት ድሬድኖት የተባለውን የእንግሊዝ ታላቅ የጦር መርከብ ጎበኙ። ከነሱ አንዷ በኋላ በደራሲነት የታወቀችው ቨርጂኒያ ዉልፍ ነበረች። የለበሱት የኢትዮጵያ ልብስ አልነበረም፤ የተናገሩትም የኢትዮጵያ ቋንቋ አልነበረም። ቢሆንም የመርከቡ መኰንኖች በክብር ተቀበሏቸው። ነገሩ በታወቀ ጊዜም አገሩ ሁሉ በባሕር ኃይሉ ሣቀ። በቀልዱ ውስጥ ስሙ የተነሣው ሕዝብ ግን ምን ይሰማው ይሆን ብሎ የጠየቀ ስለ መኖሩ አልሰማንም።

ይህን ታሪክ ከፍኖተ ሰላሙ ሜዳ ጋር ስናስተያየው አንድ መራራ ነገር እናገኛለን። በዚያ የሐሰቱ ልብስ በክብር ዘብ ታጅቦ መርከብ ላይ ወጣ፤ በዚህ የእውነተኛው ልብስ ባለቤት ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲሣቅበት ተመለከተ። ነገሩም በበዓል ቀን ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ቁምጣና ጋቢ የለበሰ ገበሬ ለግብር ወይም ለመሬት ጉዳይ ወደ ቢሮ ሲመጣ፣ «ቆይ»፣ «ነገ ና» የሚባለው፣ አንቱ ሊባል የሚገባው ሽማግሌ አንተ እየተባለ የሚጠራው ስንት ጊዜ ነው? ያው ባለቢሮ ግን በበዓሉ ቀን ያንኑ ቁምጣ አሰፍቶ ለብሶ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሸማኔንም በሥራው ስንሰድብ ኖረን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር፤ ስንሰድበው በኖርንባቸው ዘመናትም ሁሉ የለበስነው የሸማኔውን ሥራ ነው።

ስለዚህ ተረቱ አልተሳሳተም፤ የተረጎምነው እኛ ግን አጥብበነዋል። የሰው ወርቅ የማያደምቀው የሰው በመሆኑ ሳይሆን ባለቤቱን ረስተን ወርቁን ብቻ ስናነሣ ነው። በእንግድነት የሄደ ሰው ባለቤቶቹ አክብረው ያለበሱትን ልብስ ቢለብስ ይደምቅበታል፤ ባለቤቶቹም ይደሰቱበታል። እየተሣቀበት የለበሰው ግን የአያቱ ልብስ እንኳ ቢሆን አያደምቀውም።

እንግዲህ ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ለተማሪው ልብሱን ከመስጠታችሁ በፊት ማን እንደሚለብሰው፣ መቼ እንደሚለብሰው፣ ማን እንደሚሠራው ጠይቆ እንዲመጣ አድርጉ። የጎጃምን ልብስ የሚለብሰው ልጅ ከመድረክ በፊት አንድ ቀን ከገበሬ ጋር ይዋል፤ የሐመርን የምትለብሰው ልጅም የቀለበቱን ትርጉም ለጓደኞችዋ ታስረዳ። ማስረዳት ካልቻለች ቀለበቱ ይቅር። ተማሪዎችም ልብሱን ለብሰው ከመሣቃቸው በፊት ባለቤቱ አጥር ሥር ቆሞ እንደሚያይ ያስቡ። ሹማምንትም የባህል ልብስ ለብሰው በዓል ማክበራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን በማግሥቱ ያን ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ቢሮአቸው ሲመጣ ተነሥተው ወንበር ካልሰጡት የትናንቱ በዓል ከንቱ ነው።

እኒያ ሽማግሌ ላቀረቡልን ጥያቄ ያን ቀን መልስ አልሰጠንም። መልሱን ግን እሳቸውም እኛም እናውቀው ነበር፤ የተሣቀው በሳቸው ነው። ከሣቁትም መካከል፣ ዝም ብለን በመቆማችን፣ እኛም እንቈጠራለን።