የቤት ፕላንና የእሳት ቦታ፦ በአዲስ አበባ ቤት አሠራር ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ቤት አሠራር ሂስ ሲጻፍ ልማዱ መልኩን መመልከት ነው፤ የፊቱን ገጽ፣ የበሩን ቁመት፣ የሳሎኑን ስፋት። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤቱ ሙቀቱን ከየት እንደሚያገኝ፣ እንጀራው በምን እንደሚጋገር፣ የመታጠቢያው ውሃ በምን እንደሚሞቅ፣ የሌሊቱስ ብርድ እንዴት እንደሚመከት ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ባለቤቱ የቤቱን መልክ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲለምደው የሙቀቱን ዋጋ ግን በየወሩ የሚከፍለው ስለ ሆነ ነው። በነፍሱ የሚከፍለውም አለ፤ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

አዲስ አበባ ራስዋ ከሙቀት ፍለጋ የተወለደች ከተማ ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ይቀመጡበት የነበረው እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነፋሻ ተራራ ሲሆን ማገዶውም እየራቀ ሄዶ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከተራራው በታች፣ ከፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም ተከተሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት ሳይቆይ በአዲሱ ከተማ ዙሪያ ያለው ዛፍ ተቆርጦ ስላለቀ፣ በ1890ዎቹ ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ማገዶ የመንግሥትን መቀመጫ እስከ መወሰን የሚደርስ ነገር ከሆነ፣ የአንድ ቤት ፕላን ሲነደፍ መጨረሻ የሚታሰብ ሆኖ መቅረቱ ያስደንቃል።

በአባቶቻችን ቤት እንዲህ አልነበረም። ጎጆው ሲሠራ ምድጃው አስቀድሞ ቦታው የታወቀ ነው፤ ትዳር የያዘውንም ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። እሳቱ ምግብ ያበስላል፣ ሰዉን ያሞቃል፣ ጢሱም በሣሩ ክዳን ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ክዳኑን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀዋል። እንደ መንዝ ባለው ደጋ፣ እንጨት በጠፋበትና ኩበት በሚነድበት አገር፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ በሩ ዝቅተኛና ጠባብ፣ መስኮቱ ከናካቴው የሌለ የሚሆነው ሠሪው መስኮት መክፈት ተስኖት ሳይሆን አንድ ጊዜ የገባ ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ ነው። ከብቱንም ከሰዉ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማሳደር ብዙ የከተማ ልጆች እንደሚያፌዙበት ያለ ነገር አይደለም፤ የላምና የበሬ ገላ ሌሊቱን ሙሉ ማገዶ የማይጠይቅ ምድጃ ነው።

ይህን ስንል ያለፈውን ማወደሳችን አይደለም። የዚያን ቤት ዕዳ የከፈሉት እናቶች ናቸው፤ ዓይናቸው የቀላና ሳንባቸው የታመመ ከጢሱ የተነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። የምናመሰግነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎጆው ሠሪ እሳቱን አስቦ ቤቱን ሠራ፤ የዛሬው ሠሪ ግን ቤቱን ጨርሶ እሳቱን ይፈልጋል።

ዛሬ በከተማችን የሚሠራውን ቤት እንመልከት። ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ፊቱን በመስተዋትና በአሉሚንየም ይሸፍነዋል። ቆርቆሮ በቀን ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በጥቅምትና በኅዳር የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ከኮርኒሱ በላይ ምንም ያልተነጠፈበት ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ከውጭ ካደረ ሰው ብዙም አይሻልም። የጭድና የጭቃው ግድግዳ፣ «የድኻ ቤት» ተብሎ የሚናቀው፣ የቀኑን ሙቀት ይዞ እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ቀስ እያለ ይመልስ ነበር። እኛም ከተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የማንረሳው ነገር አለ፤ የማደሪያው መስኮቶች በሰሜን አቅጣጫ እጅግ ሰፋፊ ነበሩ። በአውሮፓ የተማረ ሠሪ ብርሃን እንጂ ግለት እንዳይገባ ብሎ እንደ ልማዱ የነደፈው ይመስለናል፤ በእኛ ደጋ ግን ብርሃኑም ገባ፣ ብርዱም ገባ።

ስለ ብርዱ ይህን ያህል ካልን ወደ ምጣዱ እንሂድ፤ ነገሩ የሚበረታው እዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ለመብራትና ለራዲዮ ተብሎ በቀጭን ሽቦ በተዘረጋ መስመር ላይ ይህን ሸክም መጫን፣ በመቃ ድልድይ ላይ የጭነት መኪና እንደ ማሳለፍ ነው። ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ይግላል፤ ባለቤቱም ምጣዱን ይረግማል። ለምጣድ ብቻ የሚሆን ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ከልስኑ በፊት ቢዘረጋ ወጪው ጥቂት ነው፤ ከልስኑ በኋላ ግን ግድግዳ መፈልፈልን ይጠይቃል። ይህን የሚያውቅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሠራተኛው ሲጠራ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ የወሰነ ሰው የለም።

ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዚህ ረገድ አንድ የሚመሰገን ሐሳብ ነበራቸው። ለእርድ፣ ለአጠባና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ከየግቢው ተሠርቶ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ተጠቃሚዋ አልተጠየቀችም። ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክማ ወርዳ፣ ተራ ጠብቃ፣ ሕፃን ልጅዋን ለማን ትታ ትጋግር? ስለዚህ ምጣዱ ወደ ቤት ገባ፤ ለሁለት ምድጃ እንኳ በማይበቃው ማድ ቤት ውስጥ ወይም በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ከጋራ ሕንፃዎቹም አንዳንዶቹ ለሌላ ሥራ ዋሉ። በበዓል ዋዜማ ምጣዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሰካ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ቢወድቅ ማን ይገረማል? ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት ኃይሉ 5,150 ሜጋዋት መሆኑ ተነግሯል፤ ደስታችንም ታላቅ ነው። ግን በአባይ ላይ የበዛው ኃይል በቤቱ ሽቦ ቅጥነት ላይ ሲደርስ እዚያው ይቆማል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ምሳሌ ለሹማምንት የተነገረ እንጂ ለምድጃ አይሠራም። በ1980ዎቹ ዓመታት የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተቀረጸ ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሜዳ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲመዛዘን የማገዶውን ወጪ ወደ ግማሽ ያህል አውርዶታል። ጉልቻ መለወጥ ያጣፍጣል።

ብዙ ሰው የመብራት ሒሳቡን ሲያይ የሚወቅሰው ምጣዱን ነው። ሒሳቡን ብንሠራው ግን ነገሩ ይለወጣል። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ከሩብ ይበላል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋገር በወር 45 ያህል ይሆናል። ቦይለር የተባለው የውሃ ማሞቂያ ደግሞ 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ ቢሆን በወር ከ70 በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ሲውል የሚያባክነውን አልጨመርንም። እንግዲህ ቤተሰቡን ሁሉ ከሚመግበው ምጣድ ይልቅ ገላ መታጠቢያው ይበላል ማለት ነው። ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ እየወደደ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ መቆየት ይችል የነበረውን ቤተሰብ ወደ ላይ የሚገፋው ይኸው ነው።

ያውም ይህ ሁሉ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» ተብሎ ፀሐይዋ ለጎብኚ በሚነገርላት አገር ነው! በአዲስ አበባ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ግማሹን እንኳ ቢይዝ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል፤ ይህም ከላይ ካሰብነው እጥፍ ነው። በክረምት ደመና ምክንያት በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ለ50 ሊትሩ ይበቃል። ታዲያ ለምን ጥቂት ቤት ላይ ብቻ ይታያል? የመሣሪያው ዋጋ አንድ ምክንያት ነው፤ ሐሰት አንናገርም። ሁለተኛው ግን ፕላኑ ነው። ከነውሃው ብዙ ኪሎ የሚመዝን ታንከር የሚሸከም ጣሪያ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ የሙቅ ውሃው ቧንቧም ከልስኑ በፊት መቀበር አለበት። በጋራ ሕንፃ ላይማ ጣሪያው የማን እንደ ሆነ የሚመልስ ይጠፋል።

አሁን በነፍስ ስለሚከፈለው ዋጋ እንናገር። ቤቱ ሲበርድና መብራት ሲጠፋ የሚቀረው የከሰል ምድጃ ነው። ወላጆቻችን «ጢሱን ጨርሷል፣ ቀልቷል፣ አሁን ይግባ» ይላሉ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጢሱን የጨረሰ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ መስጠቱን አልጨረሰም። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛውም ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት በሩን ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሞት ይሰማል፤ ሰዉም «ከሰል ገደላቸው» ይላል። እኛ ግን ቤቱም ከተወቃሾቹ አንዱ ነው እንላለን። ብርዱን የማይመክት፣ ጭስ ማውጫ የሌለው፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ያልተተወለት፣ መስኮቱ በጎማ የታሸገ ቤት ነዋሪውን በብርድና በከሰል መካከል ያስመርጠዋል። የጭቃው ቤት በስንጥቁ ያስተነፍስ ነበር፤ አዲሱ ቤት በጥራቱ ያፍናል።

ቤቱን ለማደስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮትና ከቀለም ይጀምራል። እኛ ብንጠየቅ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር እንዲነጠፍ፣ ቀጥሎ የምጣዱ መስመር እንዲለይ እንመክር ነበር፤ መስኮቱ ይቆይ፤ ሲለወጥም ከላዩ የአየር መግቢያ ይተውለት። አዲስ ለሚሠራው ደግሞ ማድ ቤቱ ከግቢው ጥግ ከሰርቪሱ ጋር ከመወርወሩ በፊት የምትጋግረዋ ሴት ፕላኑን ትየው።

ለምህንድስና ክፍል ጓደኞቻችን አንድ ሥራ እንተዋለን። በሚቀጥለው ጥቅምትና ኅዳር በአንድ ሰፈር ውስጥ አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ የብሎኬት ቤትና አንድ የጋራ መኖሪያ ቤት መርጠው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በየሰዓቱ ቴርሞሜትር ቢያነቡና ኮርኒሱ የተነጠፈበትንና ያልተነጠፈበትን ለይተው ቢመዘግቡ፣ እኛ በግምት የተናገርነውን እነርሱ በቁጥር ሊያጸኑት ወይም ሊያፈርሱት ይችላሉ።