የመድኃኒት ጥራት መፈተሻ ዘዴ አመራረጥና ማጭበርበርን መከላከል፦ ከመተማ ቆላ አንፃር የቀረበ ሂስ

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች የካላ አዛር ወይም የወባ ሕመምተኛ የታዘዘለትን መድኃኒት ጨርሶ ሳይሻለው ሲቀር፣ በሐኪሙ አእምሮ ቀድመው የሚመጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው። እነርሱም ሕመምተኛው መድኃኒቱን አቋርጧል፣ ኤች አይ ቪ በደሙ አለ፣ ወይም ተውሳኩ መድኃኒቱን ተላምዷል የሚሉት ናቸው። ሦስቱም ከባዶ የመነጩ አይደሉም። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ ቆላው ከሚወርዱት የጉልበት ሠራተኞች መካከል የካላ አዛርና የኤች አይ ቪ ጥምር ሕመም የታወቀ ችግር ነው። ከአርቴሚሲኒን መላመድ ጋር የሚያያዘው አር622አይ የተባለው የዘረ መል ለውጥም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተገለጸ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ አራተኛው ምክንያት፣ ማለትም መድኃኒቱ ራሱ መድኃኒት አለመሆኑ፣ የሚጠረጠረው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ አራተኛው ጥርጣሬ በካላ አዛር ሕክምና ውስጥ እውን ሆኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ በባንግላዴሽ ሚልቴፎሲን ነው ተብሎ የተሰጠው ካፕሱል ሕመምተኞችን ባለማዳኑ ተመረመረ፤ በውስጡም ሚልቴፎሲን አልተገኘም። ሐኪሞቹ ተውሳኩን ብቻ ቢከሱ ኖሮ የባንግላዴሽ ካላ አዛር ሚልቴፎሲንን ተላምዷል ተብሎ በተጻፈ ነበር። ለዚሁ ጉዳይ ተመራማሪዎች በኋላ ያዘጋጁት መለያ ዘዴ ቀላል የቀለም ምርመራ ነበር፤ ለአንድ መድኃኒትና ለአንድ ጥያቄ ተብሎ የተሠራ ነው።

ለቆላው ጤና ተቋማት ስለ ጥራት ቁጥጥር ሲታሰብ ግን ከጥያቄው በፊት መሣሪያው ይነሣል። በጀርመኑ ግሎባል ፋርማ ሄልዝ ፈንድ የተዘጋጀው ሚኒላብ በሻንጣ ስለሚያዝ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግና ከ100 በላይ መድኃኒቶችን ስለሚያካትት ለጠረፍ ተስማሚ ነው ይባላል። ምስጋናው ይገባዋል፤ ነገር ግን ከሚገባው በላይ ይመሰገናል። የሥራው ዋና ክፍል ቲን ሌየር ክሮማቶግራፊ ሲሆን የተፈተሸው እንክብል ነጠብጣብ ከማመሳከሪያው ጋር በዓይን ይነጻጸራል። ባዶ ወይም ሌላ ንጥረ ነገር የተተካበት እንክብል በዚህ ዘዴ ይጋለጣል። መጠኑ በመጠኑ የጎደለው ወይም በሆድ ውስጥ በአግባቡ የማይሟሟው ግን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል። በእጅ የሚያዘው የራማን መሣሪያም የሚያነበው በግልጽ ብልቃጥና ፕላስቲክ በኩል ነው፤ በአሉሚኒየም የታሸገውን ሳይከፍት አያይም፣ የንጥረ ነገሩ መጠን እጅግ አነስተኛ በሆነበት እንክብልም ላይ ይደክማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ችግር ያለባቸውን መድኃኒቶች ከደረጃ በታች የሆኑ፣ የተጭበረበሩና ያልተመዘገቡ በማለት ለያይቷቸዋል። ክፍፍሉ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከገላባት በኩል በኮንትሮባንድ የገባ መድኃኒት በኬሚካላዊ ይዘቱ እንከን የለሽ ሊሆንና ያም ሆኖ ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው የመዝገብና የሰነድ ማጣራት እንጂ ክሮማቶግራፊ አይደለም። በአንጻሩ በሕጋዊ መንገድ የገባው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ሲገባው በመተማ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ከከረመ፣ ሰነዱ የተሟላ ብልቃጡም ያማረ ሆኖ ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈስሳትን እናት ላያድናት ይችላል። አምቢዞምም እንዲሁ ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። አምፎቴሪሲኑ በውስጡ መኖሩ ቢረጋገጥ እንኳ የስብ ከረጢቶቹ ደኅና መሆናቸው በዚያ ምርመራ አይታወቅም፤ ኩላሊትን ከጉዳት የሚጠብቁት ደግሞ እነዚያው ከረጢቶች ናቸው። ለእነዚህ ሁለቱ ከሻንጣው ላቦራቶሪ ይልቅ የማቀዝቀዣው የሙቀት መዝገብ የተሻለ ፍተሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ መነቀፍ አለበት። በሐኪሞች መካከል እንኳ የአምራቹን አገር እንደ ጥራት መመዘኛ መቁጠር ይታያል። የንግድ ስሙን የያዘው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና በሕንድ የሚመረተው አቻው በሑመራ አካባቢ ሕመምተኞች ላይ ተነጻጽረው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ውጤት እኩል መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኔፓል የተዘገበው ደግሞ በአቻው መድኃኒት በታከሙ ሕመምተኞች ላይ የታየ ከባድ የልብ ጉዳት ነበር። ስለዚህ የሚፈተሸው የምርት ቁጥሩ እንጂ አገሩ አይደለም።

አጭበርባሪውም ዝም ብሎ የሚፈተሽ አይደለም፤ ፍተሻውን ያጠናል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ከሱቅ ከተገዙት የአርቴሱኔት ናሙናዎች 38 በመቶው አርቴሱኔት አልነበረባቸውም። ቀላል የቀለም ምርመራ ከተስፋፋ በኋላ ግን ጥቂት አርቴሱኔት የተጨመረባቸው ሐሰተኛ እንክብሎች ተገኙ። ያች ጥቂት መጠን ቀለሙን ታሳያለች፤ ሕመምተኛውን አታድንም፤ ተውሳኩን ግን መድኃኒቱን እንዲላመድ ታግዘዋለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በሄፓሪን ላይ የደረሰውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የተቀላቀለው ባዕድ ንጥረ ነገር በጊዜው የነበረውን የተለመደ ምርመራ የሚያልፍ ነበር። አንድ ዘዴ ብቻ ለዓመታት በአንድ ጠረፍ ላይ ከቆመ የሚያስተምረው ተቆጣጣሪውን ብቻ አይደለም።

ከኬሚስትሪው ይልቅ የሚቀልለው ማጭበርበር በናሙና አወሳሰድ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው መታወቂያውን አሳይቶ ሲገባ ባለሱቁ የሚያቀርበው ከፊት መደርደሪያው ነው፤ ለሠራተኛው የሚሸጠው ከጓዳ ከሆነ ፍተሻው የሚመሰክረው ለጓዳው አይደለም። ስለዚህ የናሙናው ከፊሉ እንደ ማንኛውም ገዢ ሆኖ በሚገባ ሰው ሊገዛ ይገባል። የሚወሰደውም ገበያው በሚደራበት የሥራ ወቅት እንጂ ሱቁ ጭር ባለበት ጊዜ መሆን የለበትም። በሕዝብ ጤና ተቋም ውስጥ ደግሞ ጥሩው ናሙና ካልዳነው ሕመምተኛ እጅ የቀረው እንክብል ነው፤ እርሱን የሚጠይቅና የምርት ቁጥሩን በካርዱ ላይ የሚጽፍ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ የለውም፤ ከሁሉም ዘዴዎች ርካሹም እርሱ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሐሰተኛ መድኃኒት ንግድን ከልክሏል። በሜዳ የሚደረግ ማጣሪያ ግን የጥርጣሬ መነሻ እንጂ የክስ ማስረጃ ሊሆን አይገባውም፤ በኤች ፒ ኤል ሲ ለመረጋገጥ ናሙናው በሚገባ ወደተደራጀ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ነገሮች ሊጓደሉ አይገባም። የመጀመሪያው ናሙናው በባለሱቁ ፊት ተከፍሎ መታሸጉና አንዱ ክፍል ለዳግም ምርመራ መቀመጡ ነው። ሁለተኛው የሙቀት መለኪያ ከናሙናው ጋር መጓዙ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጎንደር በሚወጣ መኪና ጋቢና ውስጥ በመጋቢት ፀሐይ የዋለ ብልቃጥ ላቦራቶሪ ደርሶ ጉድለት ቢገኝበት፣ ጥፋቱ የሻጩ ይሁን የመንገዱ መለየት የሚችለው ያ መለኪያ ብቻ ነው።