አንድ ጥርስ

«ሽቅቡ ላይ ትሞትብኛለች፤ ወርጄ ነው የምገፋት። የጣርማ በር አየር አልስማማት ብሎ ይሆን?» አሉኝ የመንዙ ደንበኛዬ። አሮጊት ሆንዳ 125 ናት።

«ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ጭነው ሲነሡስ፣ ጋሼ?»

«እዚያም ያው ናት፤ ትንገታገታለች።»

እንግዲህ አየሩ ነፃ ወጣ።

በዚህ መንገድ ዳር ለምንሠራ መካኒኮች ጣርማ በር የመመርመሪያ መሣሪያ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሞተር የሚስበው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያገኘው በሲሦ ገደማ ያንሳል። ጤነኛውም ይደክማል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን 587 ሜትር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ትቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ግን ነፍስ ይዘራል። ቆላ ወርዶም ካልተሻለው ሕመሙ ከውስጥ ነው።

ካንዴላዋም ካርቡራተሯም ደህና ነበሩ። የቴስታታውን ክዳን ከፍቼ ቮላኖውን በእጄ አዞርኩ። «ቲ» የምትለዋ ምልክት ከመሥመሯ ስትገጥም የካምሻፍቱ ምልክትም አብሮ መግጠም ነበረበት። አንድ ጥርስ ወደኋላ ቀርቷል።

አንድ ጥርስ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። የካምሻፍቱ ማርሽ 30 ጥርስ ካለው አንዷ ጥርስ 12 ዲግሪ ናት። ካምሻፍቱ አንዴ ሲዞር ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ስለሚዞር፣ ፒስቶኑ ዘንድ ስትደርስ 24 ትሆናለች። ካምሻፍቱ የሚያዘው የማስገቢያ ቫልቭ ያን ያህል ዘግይቶ ሲዘጋ ፒስቶኑ ሽቅብ እየመጣ የሳበውን መልሶ ይተፋዋል። ሜዳ ላይ ስትከንፍ ብዙም አያስታውቅ፤ በዝግታ ስትጎትት ግን ጉልበት የላትም።

በፊት የሠራት ሰው ምልክቶቹን አላየም አልልም። አይቷቸው ይሆናል። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት በአንድ ጎን ይጎትታል፣ በሌላው ይከተላል። የሚጎትተው ጎን ውጥር ብሎ፣ ልልነቱ በሙሉ ወደ መወጠሪያው ጎን ካልተሰበሰበ ምልክቶቹ የገጠሙ መስለው ይታያሉ። ሞተሩ መዞር ሲጀምር ሰንሰለቱ መጀመሪያ ልልነቱን ይበላል፤ ያኔ ካምሻፍቱ ይዘገያል።

ይህን የማውቀው ስለሳትኩት ነው። ተለማማጅ ሳለሁ እንዲህ አስሬ፣ በእጄ ሳላዞር በእግሬ መትቼ አስነሣሁ። ቫልቩ ከፒስቶኑ ተጋጭቶ ጠመመ። አለቃዬ አልተቆጡም፤ የጠመመውን ቫልቭ መዳፌ ላይ አስቀምጠው «ይኸ ያንተ ነው፣ ያዘው» አሉኝ። እስካሁን ከመሣሪያ ሳጥኔ አልወጣም።

የጋሼን ሆንዳ ጥርሷን መልሼ፣ ልልነቱን ወደ ቦታው ሰብስቤ አሰርኩ። ካንዴላውን እንዳወጣሁ ቮላኖውን በቀስታ ማዞር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዙር «ቲ» ስትመጣ የካምሻፍቱ ምልክት ፊቱን አዙሮ ይገኛል፤ የሚገናኙት በሁለተኛው ነው። መሃል ላይ ጠንካራ ነገር ቢገጥመኝ አልታገልም፣ እፈታለሁ።

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። «ልጄ፣ በእግርህ መትተህ ብታያትስ?»

ሳጥኔን ከፍቼ ቫልቩን ሰጠኋቸው። በጣታቸው እያገላበጡ፣ ሁለተኛው ዙር እስኪያልቅ ዝም ብለው ጠበቁ።