ከረጢቱን ብቻ መሸፈን አይበቃም

ሥራዬ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ መቀመም ነው። አንጀታቸው ወተት ለመቀበል ገና ስላልደረሰ ግሉኮሱ፣ አሚኖ አሲዱ፣ ቅባቱ፣ ማዕድኑና ቫይታሚኑ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ደማቸው ይገባል። በዚህ ሙያ ልኬትና ንጽሕና ቀዳሚ ናቸው። ብርሃንን መከላከልም ከእነሱ እኩል መታየት አለበት እላለሁ።

የቫይታሚኑ ቅልቅል ቢጫ ነው፤ ቢጫ ያደረገው ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2 ነው። ሪቦፍላቪን ብርሃን፣ በተለይም ሰማያዊው፣ ሲያርፍበት በፈሳሹ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ እንዲፈጠር ያደርጋል። ቅባቱም ይበላሻል፤ ቫይታሚን ኤ ይቀንሳል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ እነዚህን ጎጂ ነገሮች የሚያስወግድበት አቅም ገና አልጠነከረም። ቢጫ ሆኖ ፎቶቴራፒ ሲታዘዝለት ቱቦው የሚያልፈው በዚያው ሰማያዊ መብራት ሥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና 800 ሕፃናትን ያካተቱ አራት ጥናቶችን የገመገመ ትንተና፣ ምግባቸው ከብርሃን በተጠበቀላቸው ሕፃናት ላይ ሞት በግማሽ ያህል አንሶ መገኘቱን አሳይቷል። በ2019 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ከረጢቱም ቱቦውም ምግቡ ተሰጥቶ እስኪያልቅ ከብርሃን እንዲጠበቁ አሳሰበ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቱቦው ነው። 1 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በቀን 2 ግራም ቅባት ቢታዘዝ፣ ባለ 20 በመቶው ቅባት 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በሰዓት 0.4 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ቱቦው 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ ቅባቱ ሕፃኑ ጋ እስኪደርስ ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያው ውስጥ ይቆያል። ቱቦው ቀጭን በመሆኑም ብርሃኑ ፈሳሹን ከዳር እስከ ዳር ያገኘዋል።

ነርሶች «ቱቦው ከተሸፈነ የአየር አረፋና ዝቃጭ በምን እናያለን?» ሲሉ ትክክል ናቸው። ብርሃን የሚከለክል፣ ግን ውስጡን የሚያሳይ ቡናማ ቱቦ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስለዚህ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለምትሠሩ ባልደረቦቼ የማሳስበው ይህን ነው፦ ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ደቂቃ ጀምሮ ከረጢቱን፣ የቅባቱን ሲሪንጅና ቱቦውን አንድም ሳታስቀሩ ሸፍኑ። ዕቃ የሚገዙ ኃላፊዎችም ቡናማውን ቱቦ ከግዢ ዝርዝራቸው አያውጡት።