ሁለት ማይኤስኪውኤል በአንድ ግቢ

አንድ የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት መዝገቡን በማይኤስኪውኤል 5.7 ይዟል እንበል። አዲስ የመጣው የንብረት ፕሮግራም ደግሞ 8.4 ካልሆነ አልነሣም ይላል። ሰርቨሩ አንድ ነው። ብዙ ባለሙያ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መትከል ይቀናዋል፤ እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስነሣት ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴ ከአንድ ቃል ይጀምራል። የተማሪው ደረጃ የሚገባበት ዓምድ «ራንክ» ተብሎ ከሆነ፣ ይህ ቃል ከ8.0 ወዲህ ለዳታቤዙ ለራሱ የተያዘ ስለሆነ በባክቲክ ካልታጠረ ትእዛዙ በስሕተት ይመለሳል። በዚያ ላይ 8.4 የድሮውን የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ዘግቶ ስለሚመጣ አሮጌው ፕሮግራም በር ላይ ይቀራል። ሁለቱም ይስተካከላሉ፤ ካርድ በሚሞላበት ሳምንት ግን አይነካኩም።

ጎን ለጎን ሲባል የሚጋሩት ማሽኑን ብቻ ነው። የዳታ ፎልደሩ፣ ፖርቱ፣ ሶኬቱና ሎጉ ለየብቻ ይሁን፤ አሮጌው በ3306 ይቆይ፣ እንግዳው 3307ን ይያዝ። ፖስትግሬስ በኡቡንቱ ላይ ይህን ራሱ ያደላድላል፤ ማይኤስኪውኤል ግን እንዲህ ያለ ደግነት የለውም፣ በእጅ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሊኑክስ ላይ አድራሻውን «ሎካልሆስት»፣ ፖርቱን 3307 ብሎ የጻፈ ሰው አዲሱ ጋ የገባ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ግን ፖርቱን ችላ ብሎ በተለመደው ሶኬት በኩል አሮጌው ጋ ይዞት ይገባል። 127.0.0.1 ብሎ መጻፍ ያድናል፤ ከገቡም በኋላ ቨርዥኑን መጠየቅ ነው። ፎልደር ማጋራትማ አይታሰብም፤ 8.0 አንዴ የ5.7ን ፎልደር ካሻሻለ መመለሻ የለውም።

ራሙ ይበቃል ወይ? «ለዳታቤዙ 70 በመቶ ስጡት» የሚባለው ምክር ብቻውን ለሚኖር ሰርቨር ነው። ሁለቱም 70 ከወሰዱ ሊኑክስ አንዱን ይገድለዋል፤ 8 ጊጋባይት ላይ ለአሮጌው 1፣ ለአዲሱ 3 ብሎ መጀመር ይቻላል። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። የ5.7 ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ አይደፈንም። ልክ ነው። ስለዚህ አሮጌው ከማሽኑ ውጭ ለማንም በር አይክፈት፤ የውጤት ፕሮግራሙ እዚያው ካለ ሌላ በር አያስፈልገውም። ዶከር ይፈታዋል የሚሉም አሉ። ተከላውን ያቀላል፤ ራሙን አያበዛም፣ ቀዳዳውንም አይደፍንም። ማሽኑ ከሞተ ሁለቱም እንደሚሞቱ አልክድም፤ የእያንዳንዱ ባክአፕ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ መውጣት አለበት።

5.7ን ለዓመታት አቅፎ መቀመጥ ግን ስንፍና ነው። ትምህርት ቤት በክረምት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የዓምዱን ስም ቀይሩ፣ ዳታውን በደምፕ አሻግሩ፣ መስከረም ሳይጠባም 3306ን ዝጉት።