ለሰውየው ወይስ ለኒሻኑ?

ሰውን በልብሱ መመዘን ክፉ ልማድ እንደ ሆነ ሁላችንም በአፋችን እንናገራለን። በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም የያዕቆብን መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ በቃል አስጠንቶኛል፤ በዚያም ባለ ወርቅ ቀለበቱን በክብር እያስቀመጡ ድኻውን የሚያቆሙ ሰዎች ተነቅፈዋል። ይሁን እንጂ ትምህርት ከአፍ ወደ ልብ እስኪወርድ ድረስ መንገዱ ረጅም ነውና አስቀድሜ የምነቅፈው ራሴን ነው።

በመስከረም 1990 ዓ.ም. አስተማሪ በነበርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪዎችን እመዘግብ ነበር። አንድ ሽማግሌ የተጣፈ ካፖርት ለብሰው፣ በረባሶ ተጫምተው፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ቀረቡ። እኔም ቀና ብዬ እንኳ ሳላያቸው «እዚያ በር ላይ ይጠብቁ» አልኋቸው። ከእርሳቸው በኋላ ክራባት ያሰረ ሰው ቢመጣ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ተቀበልሁት፤ ልጁንም አስቀድሜ መዘገብሁለት። ሽማግሌው እስከ እኩለ ቀን ቆሙ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል ሲከበር ተማሪዎቼን ይዤ ወደ አራት ኪሎ ወጣሁ። ከአርበኞቹ መካከል ጎፈር የደፉ፣ ደረታቸውን ኒሻን የሞላው አንድ አባት ቆመው ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ፤ ተማሪዎቼንም ጉልበታቸውን አሳምኋቸው። እርሳቸውም ትኩር ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ በር ላይ ያቆምኸኝ እኮ እኔው ነኝ። ታዲያ ዛሬ እጅ የነሣኸው ለእኔ ነው ወይስ ለኒሻኑ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው «ቡትቶ የለበሰውን አትናቅ፤ ጀግና ሊሆን ይችላልና» የሚል ምክር ያወጣ ይሆናል። እኔ ግን ይህ አይበቃም እላለሁ። ኒሻንም እኮ ልብስ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ነው፤ ኒሻን አይቶ ብቻ የሚያከብር ሰው ክራባት አይቶ ከሚያከብረው በምን ይሻላል? በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በወረረን ጊዜ ከዘማቹ ብዙው ሸማ ለብሶ በባዶ እግሩ ነበር የተጓዘው፤ ከአውሮፕላን የወረደውም የመርዝ ጋዝ ያንኑ ራቁት እግር አቃጥሎታል። ጠላት በያዛቸው ከተሞች ተደብቀው ለአርበኛው ወሬና ስንቅ የሚያቀብሉት የውስጥ አርበኞችም በልብሳቸው ቢታወቁ ኖሮ ሕይወታቸው ባለፈ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ስንቱ ኒሻን ሳያገኝ ኖሮ ሞተ!

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከአምስቱ ዓመት አርበኞች ዛሬ በሕይወት ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ወታደሮች የተረፉት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን የተዋጉትም ዛሬ ሽበት ወርሷቸዋል። በአውቶቡስና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ስታገኛቸው ደረታቸው ባዶ ነው። ስለዚህ ደረት ከማየትህ በፊት ተነሥ፤ የዘመተም ሆነ ያልዘመተ፣ ሽማግሌ ስለ ሆነ ወንበርህን ልቀቅለት።

እኔም በበዓሉ ማግሥት የልጅ ልጃቸውን መንገድ እንዲያሳየኝ ጠይቄ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ያንኑ የተጣፈ ካፖርት ለብሰው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። እርሳቸውም አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝና «አሁን ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉኝ።